ቀበቶ ሆነው የቀሩ ከተሞች፦ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሌላ ከተማ ፕላን ውስጥ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት። እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተጠቀሰ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ የሚኖር ሰው ስለ ከተማው ቢጠየቅ መልሱን አስቀድመን እናውቀዋለን። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም አይከበርም። የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ ነው። ጠዋት ታክሲ ለመያዝ ሰልፍ፣ ማታ ለመመለስ ሌላ ሰልፍ አለ። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ትናንት ነበር፤ ዛሬ በቆርቆሮ ታጥሯል። ቤቱን በላቡ የሠራው ሰው ካርታ የለውም፤ ካርታ ያለውም ነገ ምን እንደሚመጣ አያውቅም።

ይህን ምሬት ስናወራ ብዙ ጊዜ ጣታችንን የምንቀስረው ወንበሩ ላይ ባለው ሹም ላይ ነው። እሱ ሲነሣ ደግሞ ተተኪውን መውቀስ እንጀምራለን። ሹም ሲመጣና ሲሄድ ችግሩ ካልተነቃነቀ ግን ሥሩ ከሹመኞቹ ዕድሜ ይረዝማል ማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ እንዲህ ነው፦ እነዚህ ከተሞች ፕላን አጥተው አያውቁም። ባለፉት 70 ዓመታት ስለ አዲስ አበባ ሲታቀድ ዙሪያውም በአንድም በሌላም መልኩ አብሮ ታቅዷል። የታቀደው ግን እንደ ማጀት ነው፤ ውሃ የሚቀዳበት፣ ፋብሪካ የሚተከልበት፣ ቆሻሻ የሚጣልበት፣ ቤት ያጣ የሚሸኝበት ቦታ። "እዚያ የሚኖረው ሰው ለራሱ ምን ያስፈልገዋል?" የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ታሪኩን ከሥሩ እንየው።

🔹 እንጨትና ውሃ

አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር ከእንጦጦ ደጋ ወደ ፍልውሃ የወረደች ከተማ ነበረች። ቤተ መንግሥቱም፣ ጦሩም፣ ነዋሪውም የሚያነደውና ቤት የሚሠራበት እንጨት ከዙሪያው ተራሮች ይመጣ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዙሪያው ተመነጠረ። እንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዋና ከተማውን ከሆለታ ባሻገር ወዳለው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታም አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ያተረፋት በዚያው ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ ቶሎ አደገ፣ ዋና ከተማው ባለበት ጸና፣ አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ወደዚያ የተጠረገው መንገድ ግን አልጠፋም። ዛሬ ቡራዩን ሰንጥቆ ወደ አምቦ የሚሄደው ጎዳና የዚያ መስመር ልጅ ነው።

ከእንጨቱ ቀጥሎ የውሃ ተራ መጣ። በቡራዩ በኩል ከአዲስ አበባ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ የተሠራ ሲሆን፣ ለዋና ከተማዋ የቧንቧ ውሃ ከሚሰጡት ግድቦች የመጀመሪያው ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቅ በኩል ለገዳዲ ተጨመረ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ድሬ። ሦስቱም ያሉት ከአዲስ አበባ አስተዳደር ወሰን ውጭ ነው። የቡራዩ ሰው በር ላይ ግድብ አለ፤ በቤቱ ውስጥ ግን ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል።

ሱሉልታም ከዚህ የተለየ ዕጣ አልደረሳትም። የእንጦጦ ሸንተረር ውሃ ከፋይ ነው። በደቡብ በኩል የሚወርደው ዝናብ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በሰሜን በኩል የሚወርደው የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ ወደ ዓባይ። ያ ሜዳ ክረምት ውሃ የሚያቁር፣ በጋ ለአዲስ አበባ ከብቶች ድርቆሽ የሚታጨድበት ረግረጋማ ምድር ነው። ከሥሩ ጥሩ ውሃ ስላለ ባለፉት ዓመታት ውሃ አሻጊ ፋብሪካዎች ተተከሉበት። ነዋሪው ጀሪካኑን በጋሪ ጭኖ ቦኖ ሲፈልግ፣ የታሸገ ውሃ የጫነ አይሱዙ በአጠገቡ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል።

ይህን የምለው አዲስ አበባ ውሃ አትጠጣ ለማለት አይደለም። አዲስ አበባ የሁላችንም ናት፤ ልጆቻችንም የሚማሩት፣ እኛም የምንታከመው እዚያ ነው። ጥያቄው ግድቡ ሲገደብ፣ ጉድጓዱ ሲቆፈር፣ ከዚያ ትልቅ ቧንቧ ላይ ለአካባቢው ሰው ስንት መስመር ተቀጠለ የሚል ነው። እንጨቱም ውሃውም ሲወሰድ ስሌቱ የተሠራው ለተቀባዩ ብቻ ነበር።

🔹 የአበርክሮምቢ ቀበቶ

በ1940ዎቹ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ታዋቂውን እንግሊዛዊ የከተማ ፕላን ባለሙያ ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢን ጠራ። አበርክሮምቢ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የታላቋን ለንደን ፕላን ያወጣ ሰው ነው። በ1948 ለአዲስ አበባ ባቀረበው ፕላን ውስጥም የለንደኑ ሐሳብ ይታያል፦ የቀለበት መንገዶች፣ ከመሐል የሚወጡ ጎዳናዎች፣ ራሳቸውን የቻሉ ሰፈሮች፣ ከተማዋን የሚከብ አረንጓዴ ቀበቶ፣ ከቀበቶው ማዶ ደግሞ ሳተላይት ከተሞች።

ሐሳቡ በራሱ መጥፎ አልነበረም። በእንግሊዝ እንዴት እንደተሠራ ማየቱ ግን ይጠቅማል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1946 የአዳዲስ ከተሞች ሕግ ወጣ። ለእያንዳንዱ አዲስ ከተማ መሬት መግዛት፣ ቤት መሥራትና ፋብሪካ መሳብ የሚችል ልማት ድርጅት ተቋቋመ። የመጀመሪያዋ ስቲቭኔጅ ነበረች። ለንደን ውስጥ ቤቱ በቦምብ የፈረሰበት ሠራተኛ ወደዚያ ሲሄድ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ሥራ በአንድ ላይ እንዲያገኝ ነበር የታሰበው። ለእኛ የመጣው ሥዕሉ ብቻ ነው። ሕጉ፣ ድርጅቱና ገንዘቡ አልመጡም።

ከአበርክሮምቢ በኋላም ፕላን አልተቋረጠም። በ1950ዎቹ የፈረንሳዩ ደ ማሪየን ሠራ። በ1978 የኢትዮጵያና የጣልያን ባለሙያዎች ቡድን ሌላ ማስተር ፕላን አዘጋጀ፤ በሕግ የጸደቀው ግን መንግሥት ተለውጦ፣ ስምንት ዓመት ቆይቶ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደገና ተከለሰ። እንግዲህ ይህን አስተውሉ። በወረቀት ላይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባው ቦታ መሬት ላይ ባዶ አይደለም። የገበሬ ማሳ ነው፤ ግጦሽ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ያለበት፣ ሰው ተወልዶ የሚቀበርበት መንደር ነው። ባለሙያው ቀበቶ ሲስል ቀበቶው ሰው እንደሚኖርበት ረሳ። ቀበቶ ደግሞ ለራሱ አይደለም፤ ለታጠቀው ነው።

🔹 ቢራ፣ ጨርቅና ሐዲድ

ሰበታን በዚህ ዓይን እንያት። ከአዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በወጨጫ ተራራ ግርጌ፣ በጅማ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የሩቅ ሰው የሚያውቃት በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷ፣ በጌቴሴማኒ የሴቶች ገዳሟ፣ በአቅራቢያዋ ባለው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። ሱባን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። ለከተማ መልካም መነሻ የሚሆን ነገር ሁሉ ነበራት፦ ደን፣ ምንጭ፣ ደጋ አየር፣ ዋና መንገድ።

በ1950ዎቹ የሜታ ቢራ ፋብሪካ ተቋቋመ። ፋብሪካው ሰበታን የመረጠው በውሃዋ ነው። ብዙ የሰበታ ቤተሰብ በዚያ ደሞዝ ልጅ አሳድጓል፤ ውለታው አይካድም። በጥር 2004 መንግሥት ፋብሪካውን ለእንግሊዙ ዲያጂዮ በ225 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ከዚያ በፊት በ2002 ዓለም ገና ላይ የቱርኮቹ አይካ አዲስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሺዎች ለሚቆጠሩ ወጣቶች ሥራ ይዞ ተከፍቶ ነበር። ሌሎችም ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተደረደሩ። የአበባ እርሻዎችም መጡ።

የከተማዋ ቅርጽ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካ አስፋልት ዳር ይፈልጋል፤ መሬትም የተሰጠው አስፋልት ዳር ነው። ለሠራተኛው ግን መኖሪያ ሰፈር አብሮ አልታቀደም። ከገጠር የመጣች የ19 ዓመት ልጅ ፋብሪካ ትቀጠራለች፣ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ሰርቪስ ክፍል ትከራያለች። ክፍሏን የሠራው ገበሬው ወይም ቀድሞ የመጣው ነዋሪ ነው፤ በራሱ ልክ፣ በራሱ አቅም፣ ያለ ፍሳሽ መስመር። አስፋልቱ ዳር የፋብሪካ አጥር ተዘረጋ፤ ከአጥሩ ጀርባ መንገድ የሌለው ሰፈር በቀለ። የፋብሪካው ዝቃጭና የሰፈሩ ፍሳሽ ወደ አንዱ ወንዝ ገባ። ወንዙ ደግሞ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በታች በኩል ያለው ገበሬም ከብቱን ያጠጣበታል።

ሐዲዱ ከሁሉም ይበልጥ ነገሩን ያሳያል። ከጅቡቲ የሚመጣው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ተመረቀ። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ይሻገራል፤ ጫፉም ሰበታ ነው። በካርታ ላይ ሰበታ የአገሪቱ ትልቁ የባቡር መስመር መነሻ ናት። መደበኛው የመንገደኞች ጉዞ የሚነሣው ግን ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። የሰበታ ሰው በከተማው የተጀመረውን ባቡር ለመሳፈር መጀመሪያ ሚኒባስ ይሳፈራል።

🔹 የጨረቃ ቤት ሒሳብ

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ፤ ወደ ቤት።

በ1999 በተደረገው ሕዝብ ቆጠራ ሰበታ 49 ሺህ ገደማ ነዋሪ ነበራት፤ ቡራዩም በጥቂት ብቻ ነው የምታንሰው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። በዚያ ጊዜ የነበረችውን ሰበታ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ቢመጣ ሰፈሩን አያገኘውም። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የውሃ መስመር ግን የሚታቀደው በግምት ነው።

ይህ ሁሉ ሰው ከየት መጣ? ከፊሉ ከገጠር፣ ሥራ ፍለጋ። ብዙው ግን ከአዲስ አበባ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ዋና ከተማዋ መሐሏን ማፍረስና መገንባት ጀመረች። ልደታ፣ ሰንጋ ተራ፣ አራት ኪሎ ተነሡ፤ በቅርቡ ደግሞ የኮሪደር ልማት ፒያሳንና ካሳንችስን ነካ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ወጣለት፤ ያልወጣለት ደባል የነበረ፣ ተከራይ የነበረ ሰው ኪራይ ባሳደደው ቁጥር ወደ ዳር ሄደ። ከአየር ጤና ወደ ዓለም ገናና ሰበታ፤ ከአስኮ ወደ አሸዋ ሜዳና ቡራዩ፤ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ።

እዚያ ሲደርስ ገበሬውን አገኘው። የገበሬው ሒሳብ ደግሞ እንዲህ ነበር። በ1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ። የገጠር መሬትም አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱም ይህንኑ አጸና። ከተማ ሲሰፋ ገበሬው መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም ይለቃል፣ ካሳ ይቀበላል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ካሳው የሚሰላው ባለፉት አምስት ዓመታት ካገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነበር። በጤፍና በስንዴ ዋጋ ማለት ነው። ያው መሬት ከአንድ ዓመት በኋላ በሊዝ ጨረታ ሲወጣ ዋጋው በጤፍ አይሰላም፤ በካሬ ሜትር ነው። ገበሬው ይህን በዓይኑ አይቷል። በመንግሥት የተወሰደበት ጎረቤቱ ካሳውን በልቶ ጨርሶ የራሱ ማሳ በነበረው ቦታ ላይ በተሠራ ፋብሪካ ዘበኛ ሲሆን አይቷል።

ስለዚህ ደላላ መጥቶ "ለ200 ካሬ ይህን ያህል እሰጥሃለሁ" ሲለው ምን ይምረጥ? ካሳው ሳይመጣ ቆርሶ ሸጠ። ገዢውም ከነልጆቹ የሚጠለልበት ስለሌለው ገዛ። ደንብ አስከባሪ እንዳያየው በሌሊት፣ በጨረቃ ብርሃን ማገር አቆመ፤ ጠዋት ሲነጋ ቤት ሆኖ አደረ። "ጨረቃ ቤት" የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 የካሳውን ስሌት አሻሽሎታል፤ ብዙው መሬት ግን በዚያን ጊዜ ተቆራርሶ አልቆ ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ "ሕገወጥ ነው" ማለት ቀላል በሆነ። ግን አላበቃም። ሰውየው ቤቱን ሠራ፣ ሰፈሩ አድጎ ዕድር አቋቋመ። ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ የመብራት ምሰሶ አስተከለ፣ ኮብልስቶን አስነጠፈ። ቆጣሪ ገባለት፣ መታወቂያ ተሰጠው፣ በዓመቱ ግብር ክፈል ተባለና ከፈለ፣ ደረሰኝም ያዘ። በምርጫ ጊዜ ድምፅ ሰጠ። ከአሥር ዓመት በኋላ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገበት። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሸጠ አለ፣ ያሻሻጠ አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያሳለፈ ሹም አለ፣ ግብር የተቀበለ መሥሪያ ቤት አለ። "ሕገወጥ" የሚለው ስም የሚለጠፈው ግን በመጨረሻው ሰው ላይ ብቻ ነው፤ ጣሪያው በሚፈርስበት ላይ።

🔹 ማስተር ፕላኑ

በ2000 የኦሮሚያ ክልል በፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞን አቋቋመ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላን፣ ዱከም፣ ሆለታና ሰንዳፋ በዚህ ሥር ሆኑ። ከዚያ በ2006 የአዲስ አበባና የዙሪያው ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን የሚባለው ተሰማ። በሚያዝያ 2006 በአምቦና በየዩኒቨርሲቲው ተቃውሞ ተነሣ፤ ተማሪዎች ተገደሉ። በኅዳር 2008 ከጊንጪ ተነሥቶ በመላው ኦሮሚያ ተቀጣጠለ። በጥር 2008 ኦሕዴድ ፕላኑ መሰረዙን አስታወቀ፤ ተቃውሞው ግን ቀጠለ፣ በ2009 መጀመሪያ በሰበታ ዙሪያ ያሉ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም መጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ።

ስለዚያ ፕላን እስከ ዛሬ ሁለት ወገን አለ። አንዱ "ቴክኒካዊ ሰነድ ነበር፤ ያለ አግባብ ፖለቲካ ሆነ" ይላል። ሌላው "ገበሬውን የማፈናቀያ ሰነድ ነበር" ይላል። እኔ ከሁለቱም የምወስደው አለ። ውሃ፣ መንገድ፣ ባቡርና ቆሻሻ የወሰን ምልክት አያውቁም፤ አዲስ አበባና ዙሪያዋ በጋራ መታቀድ ነበረባቸው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የአባቱን መሬት በአሥር ዓመት የጤፍ ዋጋ ያጣ ሰው፣ ዝርዝሩን ሳያየው በላይ በላይ የተዘጋጀ ፕላን ሲመጣበት "ለአንተ ጥቅም ነው" ቢባል ለምን ያምናል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ልዩ ጥቅም እንዳለው ከደነገገ 20 ዓመት አልፎት ነበር፤ ዝርዝሩን የሚያወጣ ሕግ ግን አልወጣም ነበር። ፕላኑን የገደለው የመስመሮቹ አሣሣል አይደለም። ከዚያ በፊት የተከማቸው ያልተከፈለ ዕዳ ነው።

ፕላኑ ተሰረዘ፤ ችግሩ ግን አብሮ አልተሰረዘም። ከመሰረዙ በኋላ ባሉት ዓመታት መሬቱ ያለ ምንም የጋራ ፕላን ተቆራረሰ።

🔹 ሰንዳፋና ቆሼ

የጋራ ዕቅድ ማጣት ምን እንደሚያስከፍል ከፈለጋችሁ ይህን አስታውሱ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ለአሥርት ዓመታት የተጣለው ቆሼ ነው። ቆሼ ሲሞላ በሰንዳፋ አዲስ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ከብታችን ታመመ፣ ውሃችን ተበከለ፣ ሽታው አላኖረን አለ ብለው ተነሡ፤ በወራት ውስጥ ተዘጋ። መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ በክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ድሆች ነበሩ።

የሰንዳፋ ገበሬ አልተሳሳተም፤ ቆሻሻ በጓሮው ሲደፋበት ዝም ሊል አይገባውም። የቆሼ ድሃም አልተሳሳተም፤ የሚኖርበት ሌላ ቦታ አልነበረውም። ዳሩን ሳያማክሩ የሠሩት ነገር መሐሉን ገደለ። ይህ ታሪክ ስለ ቆሻሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ አላነሣውም ነበር። ውሃውም፣ ቤቱም፣ መንገዱም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄዱት።

🔹 ሸገር ከተማ

ከ2010 በኋላ ሰው ተስፋ አድርጎ ነበር። በየካቲት 2011 ለገጣፎ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ይፈርሳሉ ተባለ፤ ብዙዎቹም ፈረሱ። ከዚያ በፊት በመስከረም 2011 በቡራዩና አካባቢው በደረሰው ጥቃት የሰው ሕይወት ጠፍቶ፣ ብዙ የጋሞ ተወላጆችን ጨምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለው ነበር። የዚያ ጥቃት ምክንያት ፕላን ነው አልልም። ነገር ግን ማን የሰፈሩ ሰው እንደሆነ፣ ማን እንግዳ እንደሆነ ሕግ ሳይሆን ወሬ በሚወስንበት ሰፈር ውስጥ ጉርብትና በቀላሉ ይናጋል።

በ2014 ክረምት አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰናቸው ላይ ተስማሙ። በ2015 ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን ተጠቃልለው ሸገር ከተማ የሚባል አንድ ከተማ ሆኑ፤ 12 ክፍላተ ከተማ ተዋቀረለት። በዚያው ዓመት ሰፊ የቤት ፈረሳ ተካሄደ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሒደቱን ተችቷል። መስጊዶችም በመፍረሳቸው በአዲስ አበባ አንዋር መስጊድ ተቃውሞ ተነሥቶ ሰው ሞተ።

ሸገርን በደፈናው የምቃወም ሰው አይደለሁም። አንድ ነገር በበጎ አየዋለሁ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ እነዚህ ከተሞች የራሳቸው ስም፣ የራሳቸው ከንቲባና በጋራ ሊታቀድ የሚችል መሬት አግኝተዋል። በሌላ በኩል ግን ካርታውን ተመልከቱት። ሸገር ቀለበት ነው፤ መሐሉ አዲስ አበባ ነው። የሰበታ ሰው ሱሉልታ ያለ ዘመዱን ሊጠይቅ ቢነሣ፣ ከራሱ ከተማ ወጥቶ፣ በሌላ ከተማ አልፎ፣ እንደገና ወደ ራሱ ከተማ ይገባል። አበርክሮምቢ የሣለው ቀበቶ ከ67 ዓመት በኋላ ከተማ ተብሎ ተሰየመ። ስሙ ተለወጠ፤ ቅርጹ ያው ቀበቶ ነው።

ቅርጹ ብቻውን ኩነኔ አይደለም። ቀለበቱን እርስ በርሱ የሚያገናኝ መንገድና አውቶቡስ ካልመጣ ግን ሸገር በደብዳቤ አናት ላይ ብቻ ያለ ከተማ ሆኖ ይቀራል። ነዋሪውም ለሥራ፣ ለሕክምና፣ ለገበያ ፊቱን ወደ መሐል እንዳዞረ ይኖራል።

🔹 እንግዲህ ምን ይሁን?

ታሪክ የምናነበው ለማልቀስ አይደለም። ከዚህ ሁሉ የማወጣቸው አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ከግድቡና ከጉድጓዱ አጠገብ የሚኖረው ሰው መጀመሪያ ይጠጣ። አዲስ ግድብም ሆነ አዲስ ጉድጓድ ሲታቀድ፣ የአካባቢው መስመር ከዋናው መስመር ጋር አብሮ ይቆፈር። በኋላ ይመጣል የተባለ ቧንቧ ብዙ ጊዜ እንደማይመጣ ገፈርሳ 80 ዓመት አስተምሮናል።

ሁለተኛ፣ ገበሬው ከመሬቱ ላይ ሲነሣ ካሳ ብቻ አይሰጠው። ከሚለማው መሬት ላይ ቦታ ይኑረው፤ ሱቅም ሆነ የሚያከራየው ቤት፣ ለልጆቹ የሚቀር ነገር ይሁን። ገበሬው ከከተማው ማደግ የሚጠቀም ከሆነ ለደላላ የሚቆርስበት ምክንያት አይኖረውም። ጨረቃ ቤትን የሚያጠፋው ቡልዶዘር ሳይሆን ይህ ሒሳብ ነው።

ሦስተኛ፣ ግብር ከፍሎ ደረሰኝ የያዘ፣ መንግሥት ራሱ ቆጣሪ ያስገባለት ነዋሪ አንድ ግልጽ የጊዜ ገደብ ተቀምጦለት ወደ ሕጋዊነት ይምጣ። መንገድ ወይም ወንዝ ዳር ላይ ሆኖ የግድ መነሣት ያለበትም ቢሆን ቀድሞ ይነገረው፤ የሚሄድበት ይታወቅ፤ በክረምት አይፍረስበት።

አራተኛ፣ ፕላኑ ይታይ። በ2000 የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የነዋሪውን ተሳትፎ እንደ መርሕ ያስቀምጣል። ተሳትፎ ማለት ግን አዳራሽ ጠርቶ ማስጨብጨብ አይደለም። ፕላኑ በየወረዳው ግድግዳ ላይ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ይለጠፍ። እያንዳንዱ ሰው ቤቱን በጣቱ ጠቁሞ "እዚህ ጋ ምን ሊሠራ ነው?" ብሎ ይጠይቅ። ባለሙያውም ቆሞ ይመልስለት። ፕላኑ በግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ በስልክ ትእዛዝ የሚለውጠው ሹም ሰው ሁሉ እያየው ነው የሚለውጠው።

ሰበታ የአዲስ አበባ ጓዳ እንድትሆን የፈረደ የተፈጥሮ ሕግ የለም። ከተማ የሚሆነው ሰው ጠዋት ተነሥቶ ውሃ ቀድቶ፣ ልጁን በእግሩ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ሥራው ሄዶ፣ ማታ ቤቱ መኖሩን ሳይጠራጠር የሚመለስበት ቦታ ነው። ይህን ለመስጠት አዲስ ስም አያስፈልግም፤ ፕላኑ ሲሣል እስክሪብቶው የሚነሣበትን ቦታ መለወጥ ይበቃል። እስካሁን ከመሐል ተነሥቶ ወደ ዳር ነበር የሚሄደው። አንድ ጊዜ እንኳ ከዳር ይጀመር።